በሬው ሲሞት፦ ክፉ ቀን፣ የአየር ንብረት ለውጥ እና "ማን ይተርፋል?" የሚለው ጥያቄ

"ለክፉ ቀን አስቀምጠው" እንላለን። "የክፉ ቀን ወዳጅ" እንላለን። ገንዘብ ስናጠራቅም፣ ጓደኛ ስንመርጥ፣ ልጅ ስንመክር ይህ ቃል ከአፋችን አይጠፋም። ታሪክ የሚያውቁ ሽማግሌዎች "ክፉ ቀን" ሲሉ ግን አንድ የታወቀ ዘመን አላቸው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን ዘመን ማለታቸው ነው።

ዛሬ ወደዚያ ዘመን የምመልሳችሁ በምክንያት ነው። የአየር ንብረት ለውጥ በተነሳ ቁጥር በየካፌው፣ በየታክሲው፣ በየለቅሶ ቤቱ ሁለት ዓይነት ክርክር እሰማለሁ። አንደኛው ወገን "የአየር ንብረት ድሮም ሲለዋወጥ የኖረ ነው፤ ድርቅም ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ይሄ ፈረንጅ ለራሱ ጥቅም የሚያናፍሰው ወሬ ነው" ይላል። ሌላው ደግሞ "አለቀልን፤ እንስሳው እየጠፋ ነው፣ ቀጥሎ የሰው ዘር ነው፤ ከእንግዲህ ምን ብናደርግ ዋጋ የለውም" ይላል። ሁለቱ ሰዎች የተጣሉ ይመስላሉ። መጨረሻቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ።

ክፉ ቀን ለሁለቱም መልስ አለው። ረጋ ብላችሁ ተከተሉኝ።

1. ከመርከቡ የወረደው

ነገሩ የሚጀምረው ከባሕር ነው። ጣሊያን በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ያዘ። በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ አምስት መቶ ገደማ የሚሆን የጣሊያን ጦር ደመሰሱ። ሮም ውርደቱን ለመበቀል ብዙ ሺህ ወታደር ወደ ምጽዋ አጓጓዘች። ወታደር ሥጋ ይበላል፤ ስንቁንና ጥይቱን የሚሸከም ከብትም ይፈልጋል። ስለዚህ ከብት በመርከብ ከባሕር ማዶ መጣ። ከመጡት መካከል፣ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ከህንድ የመጡ ናቸው የሚሏቸው፣ በሽታ ይዘው ወረዱ።

በሽታው በአማርኛ "ደስታ" ይባላል። ስምና ግብር እንዲህ የተራራቁበት ነገር ብዙ አይገኝም። የከብት ደስታ ቫይረስ የሰው ኩፍኝ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሰውን አይዝም። የያዘው ከብት ግን ያተኩሰዋል፣ ዓይኑ ያነባል፣ አፉ ይቆስላል፣ ከዚያ ተቅማጡ ይጀምረውና በቀናት ውስጥ ይወድቃል። እስያና አውሮፓ ይህን በሽታ ለብዙ መቶ ዓመታት ያውቁታል። የእኛ ከብት ግን አያውቀውም ነበር፤ የሚከላከልበት አቅም በደሙ ውስጥ አልነበረም። እንዲህ ባለ መንጋ ላይ ሲገባ ከአሥሩ ዘጠኙን ይገድላል።

ከምጽዋ ወደ ሐማሴን፣ ከሐማሴን ወደ ትግራይ፣ ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ጎጃም፣ ወሎና ሸዋ፣ ቀጥሎም ወደ ደቡብ ወረደ። የሄደበትም መንገድ ሰው የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ነጋዴው የሚመላለስበት፣ ጦር የሚዘምትበት፣ ከብት ለገበያ የሚነዳበት። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ከአገሪቱ ከብት አብዛኛው አለቀ። ዘጠና ከመቶው ማለቁን የሚናገሩ ጽሑፎች ብዙ ናቸው።

2. ከሰማዩ የመጣው

በዚያው ሰሞን ሰማዩም ተዘጋ። እ.ኤ.አ. 1888 (በእኛ 1880/81 ዓ.ም.) ዛሬ ኤልኒኞ የምንለው ክስተት የተከሰተበት ዓመት ነበር። በምድር ወገብ አካባቢ የሚገኘው የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከወትሮው ሲሞቅ የነፋሱ አካሄድ ይለወጣል፤ በእኛ ደጋ ላይ ደግሞ የክረምቱ ዝናብ ይደክማል። ዋናው አባይ አስዋን ሲደርስ ከሚይዘው ውኃ 85 ከመቶ ገደማ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ስለሆነ፣ በዚያ ዓመት የአባይ ሙላት ግብፅ ውስጥ ዝቅ ብሎ ታይቷል። የእኛ ሰማይ ሲዘጋ የካይሮ ገበሬም ያውቀዋል ማለት ነው።

ከድርቁ ጋር አንበጣና ተምች መጣ። የተረፈችውን ቡቃያ እነሱ በሉት።

ፖለቲካውም አልታገሰም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ወደቁ። በሚያዝያ 25 ቀን ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የውጫሌን ውል ተፈራረሙ። በዚያው ዓመት ክረምት ጣሊያን አስመራ ገባ። ሱዳንም በዚያው ዘመን በረሃብ ትታመስ ነበር፤ ሱዳኖች እስከ ዛሬ "የስድስተኛው ዓመት ረሃብ" ይሉታል። በእስልምና አቆጣጠር 1306 ዓመተ ሂጅራ ስለነበር ነው።

3. ሰውን የገደለው የትኛው ነው?

አሁን ክርክሩን እንጀምር። ይህን ሁሉ ሕዝብ የጨረሰው ሰማዩ ነው ወይስ መርከቡ?

ድርቅ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ዝናብ አንድ ዓመት ቢቀር ጎተራውን ይጠርጋል፣ ዘመድ ጋ ይሄዳል፣ የሚሸጠውን ይሸጣል። ቢቸግረው እንኳ በሬውን ላለመሸጥ ይታገላል። በሬው ካለ፣ ዝናቡ በተመለሰ ቀን ቀንበሩን ያነሳል፣ ሞፈሩን ያስተካክላል፣ ያርሳል። በሬ የደጋው ገበሬ ባንክ ነው፣ ትራክተር ነው፣ ዋስትና ነው። ጥማድ በሬ ያለው ሰው ነገ አለው።

በክፉ ቀን የሆነው ሌላ ነው። ዝናብ የጣለበት ቦታ እንኳ ሊታረስ አልቻለም። ማረሻው አለ፣ መሬቱ አለ፣ ገበሬውም ገና በሕይወት አለ፤ የሚጎትተው ግን የለም። ድርቁ የአንድ ዓመት እህል ወሰደ፤ የበሬው ሞት ደግሞ የሚቀጥሉትን ዓመታት እህል አብሮ ወሰደ። በቆላው፣ ኑሮው በላም ወተት ላይ የቆመው አርብቶ አደር ደግሞ ጎተራም አልነበረውም። ከብቱ ሲያልቅ ምግቡም፣ ሀብቱም፣ የልጁ ጥሎሽም በአንድ ጊዜ አለቀ።

ከዚያ ሰንሰለቱ ቀጠለ። የተራበ ሰው ቀዬውን ለቆ ወደ ከተማና ወደ ጦር ሰፈር ጎረፈ። ተጨናንቆ የተኛ የተራበ ሰው ደግሞ ለበሽታ አመቺ ነው፤ ፈንጣጣ፣ ታይፈስ፣ ተቅማጥ ረሃቡ የተወውን ለቀመ። ጅብና አንበሳ ከጫካ ወጥተው መንገድ ላይ የወደቀውን፣ አንዳንዴም ገና ያልሞተውን፣ መብላታቸውን የዘመኑ ተጓዦችና ሚሲዮናውያን ጽፈዋል። የሞተውን ሰው ቁጥር በእርግጥ የሚናገር የለም፤ ቆጠራ አልነበረምና። "ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ" የሚለው የዘመኑ ሰዎች ግምት ነው።

አጼ ምኒልክ ዶማ አሠርተው ማከፋፈላቸው፣ ራሳቸውም ዶማ ይዘው መቆፈራቸውና መኳንንቱንም እንዲቆፍሩ ማዘዛቸው ይታወቃል። በዚያ ዘመን ጨዋ ሰው መሬት መቆፈርን እንደ ውርደት ነበር የሚያየው። ታሪኩን ብዙ ጊዜ የምንሰማው የንጉሡን ትሕትና ለማሳየት ነው። እኔ ግን ሌላም ነገር አይበታለሁ። ከአክሱም ዘመን በፊት ጀምሮ በበሬ ሲያርስ የኖረ አገር፣ አንዲት የእንስሳት ዝርያ ከሥሩ ስትነጠቅ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጭምር ወደ ዶማ ተመለሱ።

ስለዚህ "ሰማዩ ወይስ የሰው እጅ?" የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ ነው። ሰማዩ ብቻውን ቢሆን ክፉ ዓመት ይሆን ነበር። በሽታው ብቻውን ቢሆን ሌላ ክፉ ዓመት። ሁለቱ ሲገናኙ፣ በመካከል ያለውን በሬ ሲጥሉት፣ ክፉ ቀን ሆነ። ስለ ዝርያዎች መጥፋትና ስለ አየር ንብረት እንደ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ለሚያወሩ ሰዎች የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ ሁለቱ ተለያይተው አይመጡም።

4. የተረፈው ማን ነው? መሬቱስ ለማን ሆነ?

በሽታው ኢትዮጵያ ላይ አልቆመም። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ወርዶ የማሳይን ከብት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ ተሻገረ፤ በ1897 ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ደረሰ። ከምጽዋ ተነስቶ በአሥር ዓመት ገደማ አህጉሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋረጠ። የቤት ከብት ብቻም አልገደለም፤ ጎሽ፣ ቀጭኔ፣ አጋዘን በየሜዳው ወደቁ።

እዚህ ላይ አንድ የማይነገር ነገር አለ። የሰው ዘር አልጠፋም። ሕዝብ ግን ከመሬቱ ተነቀለ፣ ባዶ የቀረውን መሬት ደግሞ ሌላ ሰው ወሰደው።

ጣሊያን ወደ ኤርትራ ደጋ ሲወጣ ረሃቡና በሽታው ያዳከመው፣ ባለቤቱ የሞተበት ወይም የተሰደደበት መሬት ብዙ ነበር። የቅኝ መንግሥቱ "ባለቤት የሌለው" እያለ ሰፊ መሬት ለራሱ አዋለ፤ ጣሊያናዊ ገበሬዎችንም ማስፈር ጀመረ። ከረሃቡ የተረፈው ገበሬ ግን መሬቱን አልረሳም ነበር። በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. ባሕታ ሓጎስ በአካለ ጉዛይ ሲያምፁ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ይኸው የመሬት ነጠቃ ነበር። ከአንድ ዓመት ጥቂት አልፎ አድዋ መጣ።

ኬንያም ውስጥ እንግሊዞች ሲደርሱ ያገኙት በከብት በሽታ፣ በፈንጣጣና በረሃብ የተመታ የማሳይ ሕዝብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 በተፈረመ ውል ማሳዮች ለነጭ ሰፋሪዎች ቦታ እንዲለቁ ተደረገ። ከዚያ በኋላ የመጡ አውሮፓውያን የምሥራቅ አፍሪካን ሜዳ "የሰው እጅ ያልነካው ድንግል ተፈጥሮ" እያሉ ጻፉለት። ያ ዝምታ የድንግልና አልነበረም። ከብትና ባለከብት ያለቀበት ቦታ ነበር።

"የሰው ዘር ይጠፋል" እያለ ለሚያስፈራራን ወገን የታሪኩ መልስ እንግዲህ ይህ ነው። በእንዲህ ያለ መከራ ሁሉም እኩል አያልቅም። ጠመንጃና መርከብ ያለው፣ ጎተራው የሞላ ይተርፋል፤ አንዳንዱም ያተርፋል። የሚያልቀው አንድ ጥማድ በሬ ብቻ የነበረው ነው። "ሁላችንም አንድ ጀልባ ላይ ነን" የሚለውን የስብሰባ አዳራሽ ንግግር ስትሰሙ ይህን አስታውሱ።

5. "ድሮም ይለዋወጥ ነበር" ለሚሉ

ልክ ናቸው፤ ይለዋወጥ ነበር። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ሰሃራ ሣርና ሐይቅ የነበረበት ዘመን አለ። በምድር ታሪክ አምስት ታላላቅ የዝርያዎች እልቂቶች እንደነበሩ ሳይንስ ይነግረናል፤ የመጨረሻው፣ ዳይኖሰሮችን ያጠፋው፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። የ1880ውንም ድርቅ ያመጣው የፋብሪካ ጭስ አይደለም፤ ኤልኒኞ ያኔም ዛሬም የተፈጥሮ ክስተት ነው።

ግን ልብ በሉ። እነዚያ ሐይቆች ሲሸሹ ሰውም እንስሳም በመቶና በሺህ ዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ ተከተላቸው። የሚከለክለው ድንበርም ሆነ አጥር አልነበረም። የአሁኑ ለውጥ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የሚታይ ነው። ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት በአየር ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 280 ገደማ እጅ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። እ.ኤ.አ. 2024 የምድር አማካይ ሙቀት ከዚያ ዘመን በ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የጨመረበት የመጀመሪያው ሙሉ ዓመት ሆኖ ተመዝግቧል። በ2019 የወጣው ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት ግምገማ ደግሞ አንድ ሚሊዮን ያህል ዝርያዎች የመጥፋት አደጋ ላይ መሆናቸውን ገምቷል።

ሩቅ ሳንሄድ ቦረናን እንይ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ጉዳዩን የመረመሩ ሳይንቲስቶች ምድር ባትሞቅ ኖሮ እንዲህ ያለ ድርቅ የመከሰት ዕድሉ ቢያንስ መቶ እጥፍ ያነሰ ይሆን እንደነበር በ2023 አሳወቁ። ዋናው ምክንያት የዝናቡ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ሙቀቱ ጨምሮ የወደቀውን ጥቂት ውኃ ከአፈሩና ከቅጠሉ መጦ ወሰደው። የቦረና አባወራ ከብቶቹ አንድ በአንድ ሲወድቁ ሲያይ፣ የ1880ዎቹን ሰው ያገኘው ነገር በሌላ መንገድ ደጁ ድረስ መጥቶ ነበር።

መላው አፍሪካ ከዓለም የካርቦን ልቀት ያለው ድርሻ ከመቶ አራት ገደማ ነው። በምጽዋ የወረደውን ከብት ያመጣው የሐማሴን ገበሬ አልነበረም። የዛሬውንም ሙቀት ያመጣው የቦረና አርብቶ አደር አይደለም። "የፈረንጅ ወሬ ነው" የሚል ወንድሜ ይህን ቢያስብበት እወዳለሁ። ዕዳው በአብዛኛው የእነሱ መሆኑ እውነት ነው። ዕዳ አለብህ ብለን ልንከራከር የምንችለው ግን መጀመሪያ ጉዳቱ መድረሱን ስናምን ነው። ጉዳቱን ራሳችን እየካድን ካሳ መጠየቅ አንችልም።

6. "አለቀልን" ለሚሉ

ደስታ የተባለው በሽታ ዛሬ የት አለ?

የለም። በሰኔ 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2011) የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በሽታው ከምድር መጥፋቱን አወጀ። የሰው ልጅ ሆን ብሎ ካጠፋቸው በሽታዎች ፈንጣጣ የመጀመሪያው ነው፤ ደስታ ሁለተኛው። የሲሶውን ሕዝብ ሞት ያስከተለው ገዳይ ራሱ ሞተ።

እንዴት? ዋልተር ፕላውራይት የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ኬንያ ውስጥ ሙጉጋ በተባለ የምርምር ጣቢያ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ ርካሽና አስተማማኝ ክትባት አዘጋጀ። ክትባቱ ግን በረዶ ይፈልግ ነበር። አፋር በረሃ ውስጥ በረዶ ከየት ይመጣል? ከዓመታት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ለሳምንታት ያለ ማቀዝቀዣ የሚቆይ ዓይነት ሠሩ። ከዚያ በኋላ ወሳኙ ነገር የተሠራው ከቤተ ሙከራ ውጭ ነው። አፋር ውስጥ አርብቶ አደሮች ራሳቸው ሠለጠኑ፤ ክትባቱን ተሸክመው፣ የመንግሥት መኪና በማይደርስበት፣ መንጋው ባለበት ሄደው ከተቡ። ኢትዮጵያ ውስጥ በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በዓለም ላይ የመጨረሻው የታወቀው በ2001 ኬንያ ውስጥ በጎሾች ላይ ነበር።

የተገኘውም ትርፍ ከከብት አልፏል። በሴሬንጌቲ ዙሪያ ያሉ ከብቶች ሲከተቡ በሽታው የሜዳውንም እንስሳ ለቀቀው። ዊልደቢስት የሚባለው፣ በመንጋ የሚጓዘው የሜዳ እንስሳ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሩብ ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሚሊዮን አለፈ። መንጋው ሣሩን ሲግጥ የሰደድ እሳቱ ቀነሰ። እሳቱ ሲቀንስ ዛፉ አደገ። ዛፍና አፈር ደግሞ ካርቦን ያስቀራሉ። የከብት ክትባት የአየር ንብረት ሥራ ሆኖ ተገኘ! ሰንሰለቱ ወደ ጥፋት እንደሚጎትት ሁሉ ወደ ልማትም ይጎትታል።

በሰው በኩልም ያው ነው። በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ተደበቀ፤ ሰው አለቀ። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ከጦርነት ጋር ተገናኘ፤ ከአራት መቶ ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ሞተ። በ2008 ዓ.ም. ከባድ ኤልኒኞ መጣ፣ 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ፈለገ። መከራው ብዙ ነበር፤ የ1977ቱ ዓይነት እልቂት ግን አልሆነም። ሴፍቲኔት ነበር፣ መንገድ ነበር፣ ማስጠንቀቂያ ነበር፣ እህል በጊዜ ተገዛ። ለካ ሰማዩ ቢዘጋም የሚሞተው ሰው ቁጥር ምድር ላይ ነው የሚወሰነው። በተቃራኒው በ2022 ሶማሊያ ውስጥ ድርቁ 43,000 ገደማ ተጨማሪ ሞት እንዳስከተለ በጥናት ተገምቷል፤ ግማሾቹ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ዕርዳታ የዘገየበት፣ ጦርነት የከበበው ድሃ ነው ያለቀው።

7. የዛሬው በሬያችን ማን ነው?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ራሴን የምጠይቀው ይህን ነው። በ1880 ሰውንና እህልን ያገናኘው፣ ሲወድቅ ሁሉን ይዞ የወደቀው በሬ ነበር። ዛሬ ያንን ቦታ የያዘው ምንድን ነው?

አንዱ ቡና ይመስለኛል። በኢትዮጵያ 15 ሚሊዮን ያህል ሰው ኑሮው ከቡና ጋር የተያያዘ ነው ይባላል። የዓለም አረቢካ ቡና መነሻ የሆነው የዱር ቡናችን ግን ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ዝርያዎች መካከል መዝግቦታል። በ2017 የወጣ ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ፣ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 ከመቶው በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል ይላል። ያው ጥናት ተስፋም አለው፤ ቡናው በጊዜ ወደ ከፍታ ቦታ ከተሸጋገረና ደን ከተጠበቀ ለቡና የሚመች መሬት ከአሁኑ ሊበልጥ ይችላል። "በጊዜ" የምትለዋን ቃል አስምሩባት። የዱር ቡናው በደኑ ውስጥ የያዘው ሙቀትን፣ ድርቅንና በሽታን የሚቋቋም ዘር ነው፤ ነገ የሚያስፈልገን ዘር ማለት ነው። ዛሬ ደኑን ለከሰል ከቆረጥነው ነገ ወደ ዶማ መመለስ እንኳ አይኖርም።

ሌላው ምሳሌ ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ተራሮች ላይ። ሙቀት ሲጨምር እርሻው ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀበሮውም ወደ ጫፉ ይገፋል። ከገበሬው ጋር ውሻው አብሮ ይወጣል፣ ከውሻው ጋር የእብድ ውሻ በሽታ። እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ገደማው በዚህ በሽታ አለቁ፤ ቀሪዎቹን ሸለቆዎች ያተረፈው በጊዜ የተሰጠ ክትባት ነው። ታሪኩ አልተመሳሰለባችሁም? ከቤት እንስሳ የተነሳ በሽታ፣ የሚያሸሽበት ያጣ ዝርያ፣ እና በመጨረሻ ያዳነ መርፌ። ልዩነቱ በ1880 መርፌው አለመኖሩ ነው። ዛሬ መርፌው አለ፤ የጎደለው ቀድሞ መነሳት ነው።

ቀበሮ ቢጠፋ ለእኔ ምኔ ነው የሚል ይኖራል። በ1879 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ አንድ የታመመ በሬ ከመርከብ ሲወርድ ያየ የሸዋ ገበሬ ቢኖር ኖሮ እሱም "ለእኔ ምኔ ነው" ይል ነበር። መንገዱ ሩቅ ነው፣ በሬውም የእሱ አይደለም። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ግን የእሱ በሬ በረት ውስጥ ወድቆ አገኘው።

ስለዚህ ከአሁን በኋላ በለቅሶ ቤቱም በታክሲውም ክርክሩ ሲነሳ፣ "የሰው ዘር ይተርፋል ወይ?" ከሚለው ይልቅ ሌላ ጥያቄ አንሱ። በሚቀጥለው የከሸፈ ክረምት የእኛ ቀበሌ ጎተራ ስንት ወር ያደርሳል? የእንስሳት ክትባቱ ደርሷል ወይ? የሜትሮሎጂ ትንበያው ከገበሬው ጆሮ ይደርሳል ወይ? ያ ኮረብታ ላይ ያለው ደን የማን አደራ ነው? እነዚህ ትንንሽ ጥያቄዎች ይመስላሉ። በክፉ ቀን ሰውን ከሞት የለዩት ግን እንዲህ ያሉት ነበሩ።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ ነበር። ጭሱ ታይቷል። ቅጠሉም፣ እግዜር ይመስገን፣ ገና በእጃችን ነው።

በየአካባቢያችሁ ስለ ክፉ ቀን ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ እባካችሁ ጻፉት፤ ለልጆቻችሁም ንገሩ። ሰላም ቆዩልኝ።